ከለር ፕሪንት ጅማ ውስጥ፦ «ገልብጠው» ስትሉ ተጠንቀቁ

የቤቱን ስም አልጽፍም። ከዩኒቨርሲቲው በር ስትወጡ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ማዶ፣ በረንዳው ላይ ፍላሽ የያዘ ሰው የማይጠፋበት ቤት ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ለሕክምና ተማሪዎች ኒውሮአናቶሚ፣ ማለትም የአንጎልና የነርቭ አወቃቀር፣ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የሚያደክመኝ ከመሃለኛው አንጎል፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ ከሚባለው የሕዋሳት ክምችት ተነስቶ ስትራያተም የሚባለው ጥልቅ የአንጎል ክፍል የሚገባውን የነርቭ መንገድ ማሳየት ነው። መጽሐፉ አንድ ቀይ ቀስት ይሥልና ያልፈዋል። ሲያትል ያለው አለን ኢንስቲትዩት ግን የአይጥ አንጎል ምስሎችን በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚያሠራ ቫይረስ በአንድ ቦታ ይወጋል፤ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል፤ ፕሮቲኑ ከሕዋሱ ተነስቶ አክሰኑን፣ ማለትም የነርቭ ሕዋሱን ረጅም ክር፣ እስከ ጫፉ ይሞላዋል። ከዚያ አንጎሉ በየ100 ማይክሮን እየተቆረጠ 140 ምስል ይነሳል። ክፍል ውስጥ ኔት እንደማይታመን ስለማውቅ አሥራ ሁለቱን መርጬ ወረቀት ላይ ላወጣቸው ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ኪሳራ ነበር። የምስሎቹ መደብ ጥቁር ነው፤ ተራው ወረቀት ቀለሙን ጠጥቶ ተኮማተረ። መርፌው ያረፈበት ቦታ እንደ አምፖል ቦግ ብሏል፤ ስትራያተም ውስጥ የተበተነው ስስ ክር ግን ድራሹ የለም። እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው! እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የምታመነጭ የአንዲት የናይግራ ሕዋስ አክሰን በአይጥ ስትራያተም ውስጥ ቅርንጫፎቹ ሲደመሩ በአማካይ ግማሽ ሜትር ሊሞሉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ያ ሁሉ ክር ወረቀቴ ላይ ጭቃ ሆኗል። ገንዘብ ተቀባይዋ «ፋይልሽ ነው ጥቁሩ፣ እህቴ» ብላ የአሥራ ሁለቱንም አስከፈለችኝ። አንድ ገጽ ሞክሮ ማሳየት ምን ያስከፍላል? አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ልጅ ምስሉን ትንሽ አየና «ቲቸር፣ ብላክ ኤንድ ዋይት አድርጌ ልገልብጠው?» አለኝ። መደቡ ነጭ ሆነ፣ ክሮቹ ጥቁር። ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ ሲያወጣው እነዚያ ጸጉር የሚያክሉ ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ተለቀሙ። ደስ ብሎኝ «ሁሉንም ገልብጠው» ብዬ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ አልቋል። ቤቴ ገብቼ በተራ ስደረድራቸው ስድስተኛው ሉህ ላይ ክሩ ከቀኝ ወደ ግራ ተሻግሯል! ከናይግራ የሚወጣው መንገድ በአብዛኛው በዚያው ጎን ይቀራል እንጂ እንዲህ አይዘልም። ቀይ ኒውክለስ ከሚባለው ሌላ የሕዋሳት ክምችት ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደው መንገድ ቢሆን እዚያው መሃለኛው አንጎል ውስጥ ስለሚሻገር ባላስደነገጠኝ። ለካ ስድስተኛውን ያወጣው ሌላ ሠራተኛ ኖሯል፤ ለእሱ መገልበጥ ማለት ቀኙን ግራ ማድረግ ነው። ሳላየው ክፍል ይዤው ብገባ ስድሳ ተማሪ የሌለ መሻገሪያ ሸምድዶ ይወጣ ነበር። ስመልሰው ግን ልጁ ይቅርታ ጠይቆ በነጻ አወጣልኝ፤ ላሚኔትም አደረገው።

ላሚኔቱ እስኪሞቅ «ናይግራ ምን ማለት ነው?» አለኝ። በላቲን ጥቁር ማለት ነው አልኩት። ምስሉን አገላብጦ «ታዲያ የአይጡ ጥቁር የታለ?» አይለኝም! እውነቱን ነው፤ ጥቁረቱ ለዓይን የሚታየው በሰው አንጎል ላይ ነው፣ ኒውሮሜላኒን በሚባለው ጥቁር ቀለም ምክንያት። አይጥ ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ይህን የጠየቀኝ ተማሪ እስካሁን የለም።

ከአምስት አራት። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት መብራት ከሄደ ጄኔሬተር የላቸውም። ልጁን ጠይቁ። እኔ አሁን በየሉሁ ጥግ ላይ «ቀኝ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ነው የምወስደው።