የአርኬታ ረግረግ፦ የአንዲት ትንሽ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ግምገማ

አርኬታ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሃምቦልት የባሕር ወሽመጥ ዳር የምትገኝ፣ 18 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። የፍሳሽ ማጣሪያዋ አካል የሆነው 124 ሄክታር ገደማ የረግረግ ጥብቅ ስፍራ ማንም ያለ ክፍያ ገብቶ የሚንሸራሸርበት፣ ከ300 በላይ የወፍ ዝርያዎች የታዩበት ቦታ ነው። እኔ ግን የምገመግመው እንደ መናፈሻ ሳይሆን እንደ ማጣሪያ ነው፤ ስለ ውበቱ ብዙ ሲወራ አሠራሩ ተድበስብሶ ይታለፋልና።

«ቆሻሻውን የሚያጸዱት ተክሎቹ ናቸው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ፍሳሹ ረግረጉን ከማየቱ በፊት ጨርቁና ፕላስቲኩ በብረት ወንፊት ይያዛል፣ አሸዋው ይወገዳል፣ ከዚያም በማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ የሚሰጥመው ዝቃጭ ተለይቶ አየር በሌለበት ጋን እንዲብላላ ይደረጋል። ቀሪው ውሃ 20 ሄክታር ገደማ ወደሚሸፍኑ ኩሬዎች ይገባል፤ በዚያም አልጌ የሚባሉ አረንጓዴ የውሃ ውስጥ ረቂቅ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫሉ፣ ባክቴሪያዎች ደግሞ በኦክስጅኑ እየታገዙ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ቆሻሻ ይበላሉ።

ሥርዓቱን እጅግ የማደንቀው ከዚህ በኋላ ባለው ደረጃ ነው። ከኩሬው የሚወጣው ውሃ በአልጌ ብዛት ድፍን አረንጓዴ ነው፤ እንዲሁ ወደ ባሕሩ ቢለቀቅ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማል። ስለዚህ ውሃው ፊላና የቄጠማ ወገን የሆኑ ረጃጅም ተክሎች ጥቅጥቅ ብለው ወደበቀሉበት ረግረግ ይመራል። ተክሎቹ ፀሐዩን ሲከልሉት አልጌው ይሞትና ይዘቅጣል፣ በግንዶቻቸው ላይ የተጣበቁት ረቂቅ ሕዋሳትም የተረፈውን ይጨርሳሉ። ከተክሎቹ የሚፈለገው ትልቁ ሥራ፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው መምጠጥ ሳይሆን፣ ጥላ መስጠትና ለሕዋሳቱ ማረፊያ መሆን ነው። በእግር መንገዱ ዳር ቆሞ በፊላው መካከል የሚያልፈውን ውሃ ያየ ሰው፣ አረንጓዴው ጠፍቶ ቀለሙ ወደ ቀላል ቡናማ እንደተለወጠ ያስተውላል።

የታሪኩም ነገር አይዘለልም። በ1970ዎቹ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የክፍለ ግዛቱ አስተዳደር በወሽመጡ ዙሪያ ያሉ ከተሞች አንድ ትልቅ የጋራ ማጣሪያ እንዲኖራቸው ሲገፋ፣ አርኬታ በሃምቦልት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በጆርጅ አለንና በሮበርት ጊርሃርት ሙያ ተደግፋ የራሷን አማራጭ አቀረበች። ሙከራው በ1979 ተጀምሮ ሙሉው ሥርዓት በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። የተሠራውም የተዘጋ የቆሻሻ መጣያና የተተወ የእንጨት ፋብሪካ በነበረበት መሬት ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምግብነት ከሚረባው ኦይስተር የተባለ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ አብዛኛው የሚገኘው በዚሁ ወሽመጥ በመሆኑ፣ የውሃው ንጽሕና የብዙ ሰው እንጀራ ነው።

ጣናንና ሐዋሳን በመሳሰሉ ሐይቆች ዳር ላሉ ከተሞቻችን የሚያስቡ መሐንዲሶች ይህን ቦታ በቅርብ ቢያጠኑት እመኛለሁ፤ ሆኖም ማዝቀጫውንና ኩሬውን ትተው ረግረጉን ብቻ ቢቀዱ ጥሬ ፍሳሽ ወደ ሐይቅ እንደ መልቀቅ ይቆጠራል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። ሥርዓቱ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ በክረምት ዝናብ ወደ ቧንቧዎቹ የሚሰርገው ውሃ ሲበዛም ፍሳሹ በየደረጃው የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የተሠራበት ቦታ ነው። በሃምቦልት ወሽመጥ ዙሪያ ባሕሩ ከፍ እያለ፣ መሬቱ ደግሞ ዝቅ እያለ ስለሆነ የውሃው ጭማሪ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ኩሬዎቹን ከባሕሩ የሚለየውም ዝቅተኛ የአፈር ግድብ ነው።