የሱቅ ቆጣሪ፦ ከመብራት ኃይል፣ ከአከራይ ወይስ የጋራ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ልብስ ስፌት ቤት ነበረኝ። ሁለት ማሽንና አንድ ካውያ። ቆጣሪው ለሕንፃው አንድ ነው፤ ሂሳቡ ለሁሉም ሱቅ እኩል ይካፈላል። ጎኔ ካፌ አለ። የቡና ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። የእሱን ማኪያቶ የማፈላው እኔ ነበርኩ ማለት ነው። አንድ ወር አከራዩ ሳይከፍሉ ቀሩና የከፈልነውም ያልከፈልነውም አብረን ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። በእጄ የሰርግ ልብስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ሳይ ከኪራዩ በፊት የምጠይቀው ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ ነው።

የጋራ ቆጣሪን በአጭሩ ልለፈው። አንድ አምፖልና ላፕቶፕ ብቻ ላለው ቢሮ፣ መብራቱ ከኪራዩ ጋር ተጠቃሎ ውል ላይ ከተጻፈ ይሁን። ለሌላው አይሆንም።

ቁም ነገሩ ያለው በሌሎቹ ሁለቱ መካከል ነው። የመጀመሪያው ከመብራት ኃይል በራስ ስም የሚወጣ ቆጣሪ ነው። ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከሆነ ቆይቷል፤ አፋችን ግን አልለቀቀውም። ቆጣሪውን የሚያቀርበውም የሚያሽገውም እሱ ነው። ደረሰኙ በስምህ ስለሚመጣ ሂሳብ መዝገብ ለሚይዝ ነጋዴ ወጪ ሆኖ ለመቅረብ ይመቻል። የአከራይ ዕዳም አይነካህም። ችግሩ ማስገባቱ ላይ ነው። የአከራይ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ገመድ ይፈልጋል፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም መቻል አለበት። ቆጣሪው ከቀድሞ ተከራይ የተረፈ ከሆነ ደግሞ ውዝፍ እንዳለበት ሳታጣራ ቁልፍ አትቀበል።

ሁለተኛው አከራዩ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገዝቶ ከዋናው በታች የሚያስረው ንዑስ ቆጣሪ ነው። ብሬከሩ አጠገብ የምትቀመጠው ትንሿ ዕቃ ናት። ቶሎ ይገባል፣ ቢሮ መመላለስ የለም። ግን ዋናው ሲቆረጥ አንተም ትቆረጣለህ።

ትክክል መቁጠሩን ራስህ መፈተን ትችላለህ። መጀመሪያ ሱቅህ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፋ። ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት አሁንም ብልጭ ካለች ሌላ ሰው ባንተ ላይ ታስሯል። የኮሪደር አምፖል ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። ቀጥሎ 1,000 ዋት የሚል የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰክተህ ሰዓት ያዝ። ቆጣሪው ፊት ላይ 1600 የሚል ቁጥር ካለ፣ 1,600 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 27 ጊዜ ያህል ብልጭ ማለት አለበት። ቮልቴጅ ሲወርድ ትንሽ ያንሳል። 40 ከሆነ ግን አከራይህን ጥራ።

ዋጋውስ? መኖሪያ ቤት ላይ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚያሻቅብ፣ ግቢ ውስጥ አንድ ቆጣሪ መጋራት ሁሉንም ይጎዳል። የንግድ ታሪፍ እንዲህ በእርከን አይወጣም። ስለዚህ አከራዩ «ብዙ ስለሆናችሁ ነው የተወደደው» ካለህ አትመን። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤሌክትሪክ ለመሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አከራይ ሂሳቡን ያካፍል እንጂ አትርፎ አይሽጥብህ። የንዑሶቹ ድምር ከዋናው ማነሱ ግን ሌብነት አይደለም። የውሃ ፓምፑ፣ ሊፍቱና የደረጃው መብራት አሉ። እነሱ በምን እንደሚካፈሉ ውል ላይ ይስፈር። እኔ በካሬ ሜትር ይሻላል ባይ ነኝ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጀነሬተሩን ነው። መብራት ሲሄድ የሕንፃው ጀነሬተር በዚያው ንዑስ ቆጣሪ በኩል ይመጣል፤ ቆጣሪው ናፍጣና መብራት አይለይም። የናፍጣው ኪሎዋት ሰዓት እጅግ ውድ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚመዘግብ ዓይነት ቆጣሪ አለ፤ አከራይህ ሊገዛ ከሆነ እሱን አስገዛው። በራስህ ስም ካወጣህ ደግሞ ጀነሬተሩ ከመብራት ኃይል ቆጣሪ በኋላ፣ በመቀያየሪያ ነው መግባት ያለበት። አለዚያ በራስህ ናፍጣ የቆጣሪህን የቅድመ ክፍያ ካርድ ትጨርሳለህ።

ቅድመ ክፍያ ያለው ንዑስ ቆጣሪም አለ። 20 አሃዝ ቁጥር ታስገባለህ፣ ይሞላል። አከራዮች ይወዱታል። ቁጥሩን ማን እንደሚሸጥና እሑድ ማታ ስልክ ያነሳ እንደሆነ ጠይቅ።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ? ደሴ ላይ ለስፌት፣ ለቡቲክ፣ ለሞባይል ጥገና ንዑስ ቆጣሪ ይበቃል። የጦሳ ተራራ ብርድ ሄይተር ቢያስሰካህም ሂሳቡ የራስህ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ነገሩ ይለያል። እዚያ ሙቀት ነው፣ ፍሪጅ ሌት ተቀን ይሠራል። ሥጋ፣ ወተት ወይም መድኃኒት የምትሸጥ ከሆነ ሸቀጥህን ለሰው ዕዳ አታስይዝ፤ ሦስት ወር ብትጠብቅም በስምህ አውጣ። ዳቦ ቤትና ብየዳም ብዙ ጊዜ ለከባድ ማሽን የሚሆን ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ስለሚፈልጉ ከመብራት ኃይል ቢሆን ይሻላል።

እኔ አሁን ያለሁት ንዑስ ቆጣሪ ላይ ነው። አከራዬ ሐጂ የዋናውን ደረሰኝ ፎቶ በየወሩ በቴሌግራም ሊልኩልን ውል ላይ ፈርመዋል። ባለፈው ወር ዘገዩብኝና ደወልኩ።

«ሐጂ፣ ደረሰኙስ?»

«አንተ ልጅ፣ በረካውን ልጠጣበት!» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ላኩት።