ከቀለህ የተሠራ የቁልፍ መያዣ

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው የገዛሁት። ሰውየው እጁ ወርቅ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ (ባዶ የጥይት ቅርፊት) መጀመሪያ የሁመር፣ የዚያ የጎምዛዛ ፍሬ፣ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ጥቁረቱ ለቆ ነሐሱ ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል። ብዙ ከቆየ ግን ሁመሩ ዚንኩን ይበላና መልኩ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዓይኑን አይነቅልም። የነሐስ ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ሲተኮስ ይጠነክራል። አፉን ለማስፋት መጀመሪያ በእሳት ማለስለስ የግድ ነው።

"አቦ፣ ሳይግል ከመታሁት ይሰነጠቃል!" አለኝ።

ያልተተኮሰ ጥይት ደጁ አያስደርስም፤ ደግ አደረገ። ዋጋው ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ተከራከሩ። ማንጠልጠያ ቀለበቱ ግን የማይረባ ነው፣ ወዲያው ዛገብኝ። ድሬ ታይዋን ገበያ ሌላ ገዝቼ ቀየርኩት።