ላንድክሩዘሬን ላሳድሳት ወይስ ልቀይራት? ከ18 ወር በኋላ

ሞተሯ ወርዶ ከታደሰ 18 ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ 27 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ያኔ «ሽጣትና ተገላገል» ያሉኝ ብዙ ነበሩ። አሁን ደግሞ «እና እንዴት ሆነችልህ?» የሚሉኝ አሉ። መልሱን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1996 ላንድክሩዘር ናት። ኤች ዜድ ጄ 75 የሚባለው፣ ከኋላ በሁለት በር የሚከፈተው ረጅሙ። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ። እጄ ከገባች 11 ዓመቷ ነው። ሥራዬ ባሌ ውስጥ ካለው ከሐረና ጫካ ማርና ቡና እየሰበሰብኩ ሮቤ ማምጣት ነው። ከጎባ ዶሎ መና ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን መሀሉ ላይ የሳነቴ አምባ አለ። መጀመሪያ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ትወጣለህ፣ ከዚያ እስከ ቆላው ድረስ ትወርዳለህ።

የተበላሸችውም እዚያው ነው። ታኅሣሥ 2016፣ ማር ጭኜ ከሪራ ወደ ላይ ስወጣ የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ላይ ደረሰ። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ጅብራዎቹ መሀል ሁለት ሰዓት ሙሉ አበረድኳት። ውሃ ሞላሁና ቀስ እያልኩ ጎባ ገባሁ። ያ ትልቅ ስህተት ነበር። እንደዚያ የሞቀ ሞተር ተጎትቶ ነው መምጣት ያለበት። በማግስቱ የዘይቱን ክዳን ስከፍተው ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል።

መነሻውን ያገኘነው ቆይተን ነው። የራዲያተር ክዳን ነበር። መኪናዋ ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሹ! ሳነቴ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ አካባቢ ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚያ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ነው ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው። የኔ ክዳን ጎሚኒው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሮቤ ውስጥ ምንም የማትል መኪና አምባው ላይ የምትፈላው ለዚህ ነበር። በዚያ ላይ ለዓመታት የምሞላት ኩላንት ሳይሆን የወንዝ ውሃ ነበር። የራዲያተሩ ቱቦ ግማሹ በዝገትና በጭቃ ተደፍኗል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አውርዶ፣ ቶርኖ ቤት አስልጦ፣ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) ቀይሮ ገጠመው። ሦስት ሳምንት ሳትቆይ እንደገና ውሃ ትበላ ጀመር። ቴስታታው በቫልቮቹ መሀል ተሰንጥቆ ነበር። በግፊት አልፈተኑትም። የተሰነጠቀ ቴስታታ ቢያስልጡት ምን ይጠቅማል? ሁለተኛው ጋራዥ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የእመቃ ግፊት) ሲለካ ደግሞ አምስቱ ሲሊንደር ሲቀራረቡ 4ኛው በጣም ወርዶ ተገኘ። እንግዲህ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መውረድ አለበት ማለት ነው።

ይጠገን አይጠገን ብዬ ሳሰላ፣ ጥር 2016 ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ቀድሞውንም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ አድርጎት ነበር። አገር ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ ዋጋው ተነሳ። የኔ ታናሽ የሆነውን፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራውን 78 ሞዴል ጠየቅኩ። ሞተሩ ያው ዋን ኤች ዜድ ነው፤ ከፊት ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ቀርቶ በጥቅል ሞላ ተተክቷል። ጥሩ መኪና ነው። ግን ያየኋቸው ሁለቱም ከኔ ባልተናነሰ ለፍተዋል። ያንን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ሌላ ሰው ያደከመውን ሞተር ልገዛ? ኤሌክትሪክም አሰብኩ። አዲስ አበባ ብኖር ሳላቅማማ እገዛ ነበር። በምሄድበት መንገድ ላይ ግን ቻርጅ የማደርግበት ቦታ የለም።

ነገሩን የቆረጡልኝ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው። «ጋሼ፣ ሞተሩን ላሠራው ወይስ ልሽጣት?» አልኳቸው። «ሞተሩን ለጊዜው ተወው። ና፣ ከሥር እንግባ» አሉኝ። ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ። በመፍቻ እጀታ ሻንሲውን (መኪናዋ የተሠራችበትን የብረት አጽም) ከፊት ጀምረው ይመቱ ጀመር። «ቃን፣ ቃን፣ ቃን» የሚል ድምፅ ያወጣል። የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የደረቀውን ጭቃ በካቻቢቴ ፈንቅለው አወጡና ጫፉን ብረቱ ላይ ተጭነው አዞሩት። አልገባም። እንደገና መቱት። ድምፁ ያው ነው። «ይኼ ቢበሳ ኖሮ ሂድ ሽጣት እልህ ነበር» አሉኝ።

ለካ ከሳምንት በፊት የሌላ ደንበኛ ተመሳሳይ መኪና እዚያው ቦታ ላይ ካቻቢቴው ዘልቆ ገብቷል። ላዩ በስቱኮና በቀለም አምሯል፤ ሻንሲው ግን ሁለት ጊዜ ተበይዶ እንደገና ተሰንጥቋል። ያንን ባለቤት በመለዋወጫነት እንዲሸጣት መከሩት። እኔም ብሆን ያንን ነበር የማደርገው። ፒስቶን፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) መለዋወጫ ገበያ ወርደህ ታገኛለህ። ሻንሲ ግን ቁጥሩ ሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። እሱ ከሄደ መኪናዋ ሄደች። ስለዚህ አሮጌ መኪና ይዞ የሚያመነታ ሰው ሲያማክረኝ ስለ ጭሱ አልጠይቀውም። ከሥር ገብተህ መትተሃታል ወይ ነው የምለው።

ላሠራት ወሰንኩ። ያገለገለ ግን በግፊት የተፈተነ ቴስታታ፣ አዲስ ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ኩሽኔታ፣ አዲስ ራዲያተር፣ የኢንጄክተር ጫፎች። የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው የታይሚንግ ቺንጋም ተቀየረ። ይህ ሞተር በሰንሰለት ሳይሆን በቺንጋ ነው የሚሠራው። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ብዙ ሰው ግን ይረሳዋል። ጠቅላላ ወጪዬ የመኪናዋን የገበያ ዋጋ ሩብ አልሞላም። መጋቢት 2016 ወጣች።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ጋሼ «ፍሪሲዮኑንም ቀይረው» ብለውኝ ነበር፤ ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ነው። «ትንሽ ይሠራል» ብዬ ተውኩት። ከሰባት ወር በኋላ ዳገት ላይ መንሸራተት ጀመረ። ካምቢዮው እንደገና ወረደ፣ የእጅ ዋጋ እንደገና ተከፈለ። በመሀል ደግሞ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ስለነበር የዕቃው ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሞተር ከወረደ ፍሪሲዮን ይቀየር፤ ጤነኛ ቢመስልም።

አሁን እንዴት ናት? ጠዋት ጎባ ላይ ውርጭ መስታወቱን ሸፍኖት ሲያድር እንኳ ካንዴላዎቹን (የሞተሩን ማሞቂያዎች) አሙቄ ቁልፉን አንድ ጊዜ ስጠመዝዝ ትነሳለች። ድሮ ሦስቴ አራቴ ነበር። ጭነት ይዤ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ ድሮ 16 ነበር። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት ስቀይር በመሀል የምጨምረው ከግማሽ ሊትር አይበልጥም። የሙቀቱ ቀስት አምባው ላይም ከግማሽ በታች ይቆማል። አሁንም በየጊዜው አየዋለሁ፣ ደስ ይለኛል።

አምባው ላይ ግን ዛሬም ጥቁር ጭስ ታወጣለች። ይህ ብልሽት አይደለም። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ናፍጣውን የሚያቃጥልበት አየር ያንሰዋል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ በትዕግሥት መውጣት ነው። ቀይ ቀበሮ መንገድ ሲያቋርጥ ለማየትም ያ ፍጥነት ይበቃል።

እድሳት የማይፈታው ነገርም አለ። ኤርባግ የላትም። ከኋላ ያሉት ትይዩ ወንበሮች ቀበቶ የላቸውም። ከሳነቴ ወደ ሐረና ቁልቁል ስወርድ ማርሽ ካልያዝኩ ፍሬኑ ይሞቃል። ለማርና ለቡና በቂ ናት። ልጆቼን ግን አዲስ አበባ ይዤ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። ለቤተሰብ መኪና ብፈልጋት ኖሮ ሻንሲዋ የፈለገውን ያህል ጤነኛ ቢሆን እሸጣት ነበር።

አሁን የቀረኝ የግራ የፊት እግር ነው። ከመገጣጠሚያው ግራሶ እየወጣ ጎማውን ከውስጥ ያቆሽሸዋል። ጎሚኒውንና ኩሽኔታውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ዝናቡ ሲያቆምና መንገዱ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጋሼ ጋ ትገባለች። እግረ መንገዳቸውን ሻንሲውን እንደገና እንዲመቱልኝ ነግሬያቸዋለሁ።