አፕዴት ላድርግ ወይስ ልተው? ዶራዶ እና ያ የድሮው ክሮማቶግራም ማያዬ

ሰኞ ጠዋት፣ ገና ቡና ሳልቀምስ፣ አንዷ የማስተርስ ተማሪያችን ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች።

«ጋሼ፣ አፕዴት አድርጊ ይለኛል፤ እሺ ልበለው?»

«የቱ ሶፍትዌር?»

«የሲኩዌንሲንጉ ነዋ!»

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሲኩዌንሲንግ ማለት የዲኤንኤን ፊደሎች፣ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲን፣ በየተራቸው ማንበብ ነው፤ የሲኩዌንሲንግ ሶፍትዌር የምንለው ግን ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያሳያል፣ ሌላው ያነባል። የሚያሳየውን ብታዘምኑት ቢበዛ የአንድ ቁልፍ ቦታ ይቀየርባችሁና ሁለት ቀን ትነጫነጫላችሁ። የሚያነበውን ስታዘምኑ ግን ትናንት ኤ የነበረው ፊደል ዛሬ ጂ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ለሁለቱም «አፕዴት» የምንለው ቃል ስላጣን ነው እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም፣ የሚያሳየውን ክሮማቶግራም ማያዬንና የሚያነበውን ዶራዶን፣ ልገመግም ነው፤ በየቀኑ የምጠቀምባቸው ናቸው፣ ማንም ከፍሎኝ አይደለም።

ከሚያሳየው ልጀምር። ሳንገር በሚባለው፣ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ በቀለም በሚያነበው የቆየ ዘዴ የተነበበ ናሙና ኤቢዋን ከሚባል ፋይል ጋር ይመጣል። ስትከፍቱት አራት ቀለም ያላቸው ተራራዎች ተደርድረው ታያላችሁ፤ ክሮማቶግራም የምንለው ይህን ነው። ኤ አረንጓዴ፣ ሲ ሰማያዊ፣ ጂ ጥቁር፣ ቲ ቀይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ አርባ ፊደሎች ዝብርቅርቅ ይላሉ፤ 70ኛው አካባቢ አንዳንዴ የቀለም ዝቃጭ ዱብ ይላል፤ መሐሉ ያምራል፤ 800ን ሲጠጋ ደግሞ ተራራው እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ሜዳ ይሆናል።

ባለፈው ወር አንድ የበግ ናሙና ስናይ 214ኛው ፊደል ላይ ቆምን። ፋይሉ ቲ ይላል። ቀዩ ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ ግን የእሱን ግማሽ የምታክል ሰማያዊ ጉብታ አለች። ቆሻሻ ናት? ወይስ በጉ ከእናቱ ሲ፣ ከአባቱ ቲ ወርሶ ነው? ከተቃራኒው አቅጣጫ የተነበበውን ፋይል ከፈትን። እዚያም ልክ በዚያው ቦታ አረንጓዴና ጥቁር ተደራርበው ቁጭ ብለዋል። በጉ ሁለቱንም ይዟል ማለት ነው። ይህን ፊደሎቹን ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የግድ ተራራውን ማየት አለባችሁ። አንድ ጊዜ ናሙና የላክንበት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ፊደሎቹን ብቻ በጽሑፍ ፋይል ልኮልን አረፈ። ኤቢዋኑን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ተለማመጥን። እናንተ ስታዝዙ ገና በመጀመሪያው ኢሜይል ጠይቁ።

እኔ ለዚህ ሥራ እስካሁን የምከፍተው ፊንች ቲቪን ነው። አትሳቁ። የሲያትሉ ጂኦስፓይዛ የሠራው ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2011 ፐርኪንኤልመር ገዛው፤ ፕሮግራሙም ከብዙ ዓመት ወዲህ ባለበት ቆሟል። መልኩ የድሮ ዊንዶውስን ያስታውሳል። ግን ፋይሉን ዱቅ ስታደርጉበት ወዲያው ይከፍታል፣ ከእያንዳንዱ ፊደል በላይ የጥራቱን መጠን በዘንግ ያሳያል፣ ገልብጦ ያነባል፣ ኢንተርኔት አይለምንም። ሁለት ፋይል ጎን ለጎን አስተካክሎ ማስተያየት ግን አይችልም። በጉን ያየነው ሁለት መስኮት ከፍተን፣ አንገታችንን ወዲያ ወዲህ እያልን ነው።

አዲስ ለሚጀምር ሰው ፊንች ቲቪን አልመክርም። ዊንዶውስ ካላችሁ ክሮማስ አለ፤ የአውስትራሊያው ቴክኔሊሲየም ሥራ ነው፣ ቀላልና ንጹሕ ነው። ስናፕጂን ቪወር ነጻ ነው፣ ውበቱም ሌላ ነው። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ዩጂን አለላችሁ፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ፋይሎችንም ያስተያያል፣ ብቻ ሜኑው ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። ምንም መጫን ካልፈለጋችሁ የአውሮፓው የሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ (ኢኤምቢኤል) ሰዎች የሠሩት ትሬሲ አለ፤ ቲል የሚባለው ማያው በብራውዘር ይሠራል። በተለይ ኢንዲጎ የሚባለውን ወንድሙን ሞክሩት። አንዱ ቅጂ ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ጎድሎ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ተራራ በተራራ ላይ ሲደራረብ፣ ሁለቱን ቅጂዎች ለይቶ ያወጣላችኋል። ያንን በእጅ የሠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማክ የምትጠቀሙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና ሲመጣ 32 ቢት ፕሮግራም በሙሉ መሥራት እንዳቆመ አስታውሱ፤ የድሮ ማያ አውርዳችሁ እምቢ ካላችሁ ምክንያቱ ምናልባት እሱ ነው።

ለማያዎቹ በጥቅሉ ከ5 4 ሰጥቻለሁ። አዘምኑ፣ አታዘምኑ፣ እንደፈቀዳችሁ። ፊደሉን የወሰነው የማሽኑ ሶፍትዌር ነው፤ ማያው የሚያሳያችሁ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ነው።

አሁን ወደሚያነበው እንሂድ።

መጀመሪያ ስለ ጥራት ቁጥር አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ስለሚንሸራተት። እ.ኤ.አ. በ1998 የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ብሬንት ዩዊንግና ፊል ግሪን ከባልደረቦቻቸው ጋር ፍሬድ የተባለውን ፕሮግራም ይዘው ወጡ። ፍሬድ ፊደሉን ማንበብ ብቻ ሳይሆን «ይህን ያህል እርግጠኛ ነኝ» ብሎ ቁጥር ይሰጣል። 10 ከሆነ ከ10 አንዱ፣ 20 ከሆነ ከ100 አንዱ፣ 30 ከሆነ ከ1,000 አንዱ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ከ20 ወደ 30 ስትሄዱ ስህተቱ በአሥር እጥፍ ነው የሚቀንሰው። ዛሬም ሁላችንም የምንጠቀመው ያንኑ መለኪያ ነው።

ዶራዶ የሲኩዌንሲንግ መሣሪያ የሚሠራው የኦክስፎርድ ናኖፖር ድርጅት ቤዝ ኮለር ነው፤ ቤዝ ኮለር ማለት የመሣሪያውን ሲግናል ወደ ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም ነው። በፊት አልባኮር ነበር፣ ከዚያ ጋፒ መጣ፣ አሁን ዶራዶ። ሁሉም የዓሣ ስም ነው፤ ለምን እንደሆነ እነሱ ይወቁት። እዚህ ቤት አራት ቀለም የለም። ዲኤንኤው በጠባብ ቀዳዳ ሲሾልክ የኤሌክትሪኩ ፍሰት ከፍ ዝቅ ይላል፤ መሣሪያው የሚመዘግበው እሱን ነው፤ ዶራዶ ያንን የተንቀጠቀጠ መስመር በሠለጠነ ኒውራል ኔትወርክ ወደ ፊደል ይቀይራል። በሰከንድ 400 ያህል ፊደል ያልፋል፣ ፍሰቱ ደግሞ በሰከንድ 5,000 ጊዜ ይለካል። ለአንድ ፊደል አሥራ ሁለት ያህል ልኬት ይደርሰዋል ማለት ነው።

አሁን አንድ ዓይነት ፊደል ሲደጋገም ምን እንደሚሆን አስቡት። ኤ ኤ ኤ ኤ ኤ ሲያልፍ ፍሰቱ አይለወጥም፤ መስመሩ ዝም ብሎ ይተኛል። ስንት ኤ አለፈ? መገመት ነው። አር 10 የሚባለው አዲሱ ቀዳዳ ሁለት የንባብ ቦታ ስላለው ነገሩን በጣም አሻሽሎታል፤ ቢሆንም ከባዱ ፈተና አሁንም ይኸው ነው።

እኔም የወደቅኩት እዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የባክቴሪያ ናሙናዎች ስናነብ ኮምፒውተራችን ደካማ ስለነበረ ፋስት የሚባለውን ሞዴል መረጥኩ። ሦስት ሞዴል አለ፤ ፋስት፣ ሃክ እና ሱፕ። ፋስት ይፈጥናል፣ ሱፕ በጥንቃቄ ያነባል ግን ይንቀራፈፋል። የችኮላዬን ዋጋ አገኘሁ። አንድ ናሙና ላይ አንድ ጂን መሐሉ ላይ ስድስት ኤ ብቻ ይዞ ተገኘ፤ አንድ ፊደል ሲጎድል ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለው ኮድ ሁሉ ይዛነፋል፤ ጂኑ የሞተ መሰለ። እኔም ደስ አለኝ! ግኝት መስሎኝ። ስላይድ ላይ በቀይ አክብቤ ለባልደረቦቼ ሁሉ አሳየሁ።

ዘንድሮ የተሻለ ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) ያለው ኮምፒውተር ስናገኝ አዲሱን ዶራዶ ጭኜ፣ ያንኑ የድሮ ጥሬ ፋይል በሱፕ ሞዴል እንደገና አስነበብኩት። ናሙናው ያው ነው፣ መሣሪያው ያው ነው፣ ማንም ምንም አልነካም። ሰባት ኤ አለ። ጂኑ ከሞት ተነሣ።

እና የቱን ልመን? አዲስ ስለሆነ ብቻ አዲሱን አላምንም። ያንን ቦታ ብቻ በፒሲአር አብዝተን ለሳንገር ላክነው። ኤቢዋኑ ሲመጣ በዚያው ባረጀ ላፕቶፕ፣ በዚያው በፊንች ቲቪ ከፈትኩት። ተማሪዋ በእርሳስ ጫፍ ስክሪኑን እየነካች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አረንጓዴዎቹ ተራራዎች ጥርት ብለው ተለይተው ቆመዋል። ሰባት። ከተቃራኒው አቅጣጫ ሰባት ቀይ። ስላይዱን አጠፋሁት።

የዶራዶ ትልቁ ጥቅም እንግዲህ ይኼ ነው። ጥሬው ሲግናል እስካለ ድረስ የድሮ ዳታችሁ ብዙውን ጊዜ ከነገው ሞዴል ጋር አብሮ ይሻሻላል። እስካለ ድረስ! ሀርድ ዲስክ ሞላብኝ ብዬ አንዱን ዙር ፊደሉን ብቻ አስቀርቼ ጥሬውን ያጠፋሁ እኔ ነኝ። እሱ በቃ በፋስት እንደተነበበ ይኖራል። ቡናውን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ጠጥቶ ሲያበቃ «ጥሬው የታለ?» እንደማለት ነው።

ሌላ የወደድኩት ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን እኛ ቤት ዋጋ አለው። ሱፕ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ሊነጋ ሲል መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ አሥር ደቂቃ ጮኾ ዝም አለ። ጠዋት ስመጣ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሏል። ዶራዶ ግን ሪዙም ፍሮም የምትባል አማራጭ አለችው፤ በግማሽ የቀረውን ፋይል ሰጥታችሁ «ከዚህ ቀጥል» ትሉታላችሁ፣ ይቀጥላል። ያልጨረሰውን ፋይል ስሙን ቀይራችሁ አስቀምጡት እንጂ አዲሱ ላዩ ላይ እንዳይጻፍበት። ሞዴሎቹን ደግሞ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቀን አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ፕሮግራሙ ራሱ በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ በስልክ ዳታ አትሞክሩት።

ሜቲሌሽንም ያነባል። ከአራቱ ፊደል በተጨማሪ የትኛው ሲ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል እንደተቀመጠ ከዚያው ሲግናል ያወጣል። በእኛ ሥራ ብዙም ስላልተጠቀምኩበት እዚህ ላይ ነጥብ አልሰጥም።

የማይመቸውስ? አንደኛ፣ ያለ ጂፒዩ አይታሰብም። በተራ ላፕቶፕ ይነሣል፣ ግን ሱፕ ብላችሁ ብታዙት ፋሲካ ይደርስባችኋል። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው የጌም ኮምፒውተር ወይም አዳዲሶቹ የአፕል ማኮች ይሻላሉ። ሁለተኛ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ጠቅ ጠቅ ማድረግ ለለመደ ሰው ሚንኖው የሚባለው የመሣሪያው ሶፍትዌር ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል፤ እዚያ ይቀላል። ሦስተኛ፣ የጥሬው ሲግናል የፋይል ዓይነት ይቀያየራል። ድሮ ፋስት 5 ነበር፣ አሁን ፖድ 5 ነው። የድሮውን ለዋጭ ፕሮግራም አለ፤ ጊዜ ግን ይበላል።

አራተኛው ነገር ሰውን ሲያስቸግር አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ልኬቱ በሰከንድ ከ4,000 ወደ 5,000 ከፍ ብሏል። በ4,000 ለተለካ ዳታ እስከ 4.1 ያለው ሞዴል፣ በ5,000 ለተለካው ከ4.2 ጀምሮ ያለው ነው የሚሠራው። ግማሹን ናሙና ከለውጡ በፊት፣ ግማሹን በኋላ ያነበበ ሰው ሁለት ቡድን ናሙና አለኝ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ልዩነቱ ከባክቴሪያው ይሁን ከሶፍትዌሩ ለመለየት ግን ፍዳውን ያያል።

ስለዚህ ፕሮጀክት መሐል ላይ አታዘምኑ። ወይ ሁሉንም በአሮጌው ጨርሱ፣ ወይ አዲሱን ጭናችሁ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስነብቡ። ግማሽ ግማሽ የለም። የሞዴሉን ስምና ቁጥርም ደብተር ላይ ጻፉ። ዶራዶ በሚያወጣው ባም ፋይል ራስጌ ላይ ስሙን ይጽፈዋል፤ ፊደሉንና የጥራት ቁጥሩን ወደሚይዘው ፋስትኪው ፋይል ስትቀይሩ ግን በቀላሉ ሊጠፋ ይችላል፣ ከዚያ ከዓመት በኋላ ገምጋሚ ሲጠይቃችሁ እንደኔ አፋችሁን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ለዶራዶ ከ5 4 ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት በጥቁሩ ስክሪን ምክንያት ነው፤ እኔ ለምጄዋለሁ፣ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ የማስተምረው ግን እኔው ነኝ።

ተማሪዋ? ላፕቶፑን አዙሬ ሳየው እንዲዘመን የጠየቃት ማያው ሳይሆን ቤዝ ኮለሩ ነበር። ከሃያ አራት ናሙናዎቿ አሥራ ስድስቱን አስነብባለች፤ መመረቂያዋን የምታስገባው ሰኔ ላይ ነው። «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ጠቅ አደረግኩላት። ከዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ «እስከ ሰኔ ማንም እንዳይነካ» ብለን ጽፈን ስክሪኑ ጥግ ላይ በፕላስተር ለጠፍነው።