ጌም በሊኑክስ፦ ጨዋታው ሰላም ነው፣ ጣጣው ሃርድ ዲስኩ

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሚንት ከዞርኩ ወራት አልፈዋል። ጌሙ ይሠራል። ስቲም የሚባለው የጌም መደብር የዊንዶውስ ጌምን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ ፕሮቶን የሚባል መሣሪያ አለው፤ የቆየ ስቲም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለሁሉም ጌም ማብራት ነው፤ ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው በሚንት የድራይቨር ማኔጀር በኩል ድራይቨሩን ይጭናል፣ ኤኤምዲና ኢንቴል ያለው ምንም አይጭንም። ስለዚህኛው ወገን ከዚህ በላይ የምለው የለም። አንጀቴን ያሳረረው ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ ፎርማት ነው።

እኛ ጎጃም ውስጥ ጌም የሚዞረው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ባሕር ዳር የተገለበጠው ቡሬ ይደርሳል፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ። 80 ጊጋባይት ጌም በሞባይል ፓኬጅ ላውርድ የሚል ሰው ካለ ገንዘቡ የተረፈው ነው። ጌሙ በራሱ አካውንት ላይ ያለ ሰው ፋይሉን ከጓደኛ ዲስክ ይገለብጣል፣ ስቲም አጣርቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ችግሩ እነዚህ ዲስኮች አብዛኞቹ በዊንዶውስ ፎርማት የተደረጉ ኤንቲኤፍኤስ መሆናቸው ነው። ሊኑክስ ያያቸዋል፣ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ስቲምም የጌም ማስቀመጫ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ከዚያ "ፕሌይ" ሲጫኑ ቁልፉ ለአፍታ "ስቶፕ" ይልና ተመልሶ "ፕሌይ" ይሆናል። የስህተት መልእክት የለ፣ ምን የለ።

"ሊኑክስ እኮ ኤንቲኤፍኤስን ይደግፋል" እያሉ የሚሰብኩ አሉ። ይደግፋል፤ ፊልም ለማየትና ፋይል ለመገልበጥ። ፕሮቶን ግን ለእያንዳንዱ ጌም ኮምፓትዳታ በሚባለው ፎልደር ውስጥ የውሸት ዊንዶውስ ይሠራል፤ እዚያ ውስጥ የሲ እና የዜድ ድራይቭ ምልክቶች ባለ ሁለት ነጥብ (:) ስም ያላቸው ሲምሊንኮች (ወደ ሌላ ፎልደር የሚጠቁሙ አቋራጮች) ሆነው ይቀመጣሉ። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ያንን ሁለት ነጥብ አይፈቅድም። ዲስኩ የዊንዶውስን የስም ሕግ አክብሮ ማውንት ከተደረገ (ሊኑክስ ላይ ከተከፈተ) ሲምሊንኩ አይፈጠርም፣ ጌሙም አይነሳም። ሳይከበር ቢፈጠር እንኳ ዲስኩ ወደ ዊንዶውስ ሲመለስ ሌላ ራስ ምታት ነው። ኤክስፋት የሚባለው ሌላው ፎርማት ይሻላል ብሎ የሚመክር ካለ አትስሙት፤ ጭራሽ ሲምሊንክ አያውቅም።

ሁለተኛው መዘዝ መብራት ነው። ዲስኩ እየጻፈ መብራት ከሄደ ኤንቲኤፍኤስ "ቆሻሻ" ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ከሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.15 ጀምሮ የገባው ኤንቲኤፍኤስ 3 የሚባለው ድራይቨር እንዲህ ያለውን ዲስክ አልከፍትም ይላል። ትክክለኛው ጥገና ቼክዲስክ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው ዊንዶውስ ላይ ነው! ዊንዶውስን ተገላገልኩ ያለ ሰው ዲስኩን ይዞ ዊንዶውስ ያለው ጎረቤት ፍለጋ ይሄዳል ማለት ነው። ኤንቲኤፍኤስፊክስ የሚባል የሊኑክስ ትእዛዝ አለ፤ ምልክቱን ያነሳል እንጂ የተበላሸውን ሁሉ አይጠግንም። ሁለቱንም ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር የጫነ ሰው ደግሞ የዊንዶውስን ፋስት ስታርትአፕ ያጥፋ። እሱ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ በእርግጥ አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው፤ ፓርቲሽኑም (የዲስኩ ክፍል) በሊኑክስ በኩል ለማንበብ ብቻ ይከፈታል ወይም እምቢ ይላል።

መፍትሔው ዲስኩን ወደ ሊኑክስ የራሱ ፎርማት፣ ኤክስት4፣ መቀየር ነው። መብራት ቢሄድ ጆርናሉን (የለውጥ መዝገቡን) ራሱ አጣርቶ ይነሳል፤ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። ግን ሦስት ነገር ካልታወቀ ይህም ያናድዳል። አንደኛ፣ አዲስ ኤክስት4 ባለቤቱ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ስለሚሆን ስቲም መጻፍ አይችልም፤ በቾውን ትእዛዝ ወደ ራስ ስም ማዞር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከጠቅላላው 5 በመቶውን ለሲስተሙ ይይዛል። ለጌም ዲስክ ይህ ከንቱ ነው፤ ባለ 1 ቴራባይቱ ላይ ወደ 50 ጊጋባይት፣ አንድ ትልቅ ጌም ማለት ነው። ቱን2ኤፍኤስ በሚባለው ትእዛዝ ዜሮ ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛውና አደገኛው፣ ይህን ዲስክ ዊንዶውስ ላይ የሰካ ሰው "ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ" የሚል ሳጥን ይወጣለታል። የጌም ቤቱ ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ሳጥን ሲያይ "እሺ" ማለት ይወዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ስለዚህ ዲስኩን ለሁለት መክፈል ነው፤ ትልቁ ኤክስት4 ለመጫወቻ፣ ትንሹ ኤንቲኤፍኤስ ለመገለባበጫ ብቻ። ያኔም ቢሆን ሳጥኑ ለትልቁ መውጣቱ አይቀርምና ዲስኩን ለሰው ሲሰጡ አብሮ መንገር ነው።

አገላባበጡም የራሱ ብልሃት አለው። ስቲም ይዘጋ፤ የጌሙ ፎልደር ወደ ስቲምአፕስ፣ ኮሞን ውስጥ ይግባ፤ ጌሙ መጫኑን ለስቲም የሚነግረው ባለ ቁጥሩ አፕማኒፌስት ፋይል ደግሞ እዚያው ስቲምአፕስ ላይ ይቀመጥ። ማኒፌስቱ ከሌለ "ኢንስቶል" ብሎ ያንኑ ዲስክ መምረጥ፤ ያለውን ፋይል አግኝቶ ያጣራል። የፎልደሩ ስም አንድ ፊደል እንኳ ከትልቅ ወደ ትንሽ ቢቀየር ሊኑክስ እንደ ሌላ ፎልደር ነው የሚቆጥረው፤ ዳታው ሁሉ እንደገና መውረድ ይጀምራል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ እንደ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የራሳቸው የሊኑክስ ቅጂ ያላቸው ጌሞች። ስቲም ዝም ብሎ የሊኑክሱን ፋይል ማውረድ ይጀምራል፣ ከጓደኛ የተገለበጠው የዊንዶውስ ፋይል መና ይቀራል። ኢንስቶል ከመባሉ በፊት በጌሙ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ፕሮቶንን ማስገደድ ነው። ይህን የሚነግር ሰው ብርቅ ነው።

ፓኬጅ ላይ ያለ ሰው ሼደር ፕሪካሺንግን (የጌሙን የግራፊክስ ፋይሎች አስቀድሞ የሚያወርደውን) ከዳውንሎድ ሴቲንግ ያጥፋ፤ ጌሙ ሳይከፈት ነው ዳታ የሚበላው። ሲጠፋ አዲስ ቦታ ላይ ትንሽ መንተፋተፍ ይኖራል፤ የዊንዶውስን ግራፊክስ ለሊኑክስ ከሚተረጉመው የፕሮቶን ክፍል፣ ከ2022ቱ ዲኤክስቪኬ 2.0 ወዲህ ግን በአዳዲስ ካርዶች ላይ ቀንሷል። አሮጌ ካርድ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ዲኤክስቪኬ 2.0 ካርዱ ቩልካን 1.3 የሚባለውን የግራፊክስ ደረጃ እንዲደግፍ ይፈልጋል፤ እንደ ኤንቪዲያ 600 ያሉት ደግሞ አይደርሱም፣ ስለዚህ ፕሮቶን 7 መምረጥ ነው። ስቲምን ራሱን በፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከሲስተሙ ነጥሎ በሚጭነው መንገድ) አትጫኑ፤ ተጨማሪ ብዙ ያወርዳል፣ ውጭ ያለውን ዲስክም ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው አያይም።

ኮምፒውተር የሚሸጠው ሰው "ሊኑክስ ለጌም አይሆንም" ሲል ይሰማል። ጌታዬ፣ ፕሮቶን ከ2018 ጀምሮ አለ፤ በእጅ የሚያዘው የጌም መሣሪያ ስቲም ዴክም ከ2022 ጀምሮ በዚሁ ነው የሚሸጠው። እውነት ያለው በተለይ ኳስ ላይ ነው። ፊፋ 23 እና ከእሱ በኋላ የመጡት ኤፍሲዎች ይዘውት የሚነሱት የማጭበርበር መከላከያ ከዊንዶውስ ከርነል ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሱም፤ ብቻን ለመጫወትም ቢሆን። ቫሎራንትና ፎርትናይትም እንደዚያው። ፔስ 2021 ይሠራል፤ እኔ በእሱ ረክቻለሁ። ጓደኞቹ ሁሉ ኤፍሲ ላይ ያሉበት ሰው ግን ዊንዶውሱን ባይነካ ይሻለዋል።