ቀይዋን ያየ? የባይስክል ካርታ ሐዋሳ ላይ ሲፈተን

ሐዋሳ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ ከኪሳችሁ ስታወጡ ሰው መጀመሪያ የሚነካካው የራሱን ኪስ ነው። አይፈረድበትም። "ቀይዋን ያየ!" እያሉ መንገድ ዳር ሦስት ካርታ የሚያገላብጡት ልጆች የሁላችንንም ስም አጥፍተውታል። ስለዚህ እኔ ማጂክ የምሠራበት ካርታ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ለእጄ መታዘዝ። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ ተቀብሎ ሲያገላብጠው አንድም የሚያስጠረጥር ነገር ማጣት።

ባይስክል ሁለቱንም ያሟላል። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ቀይና ሰማያዊ ፓኮ ልካልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ምልስና ልደት ላይ ይዤው ስዞር ከርሜያለሁ።

ለማታውቁት፣ ባይስክል በፈረንጆቹ 1885 የተጀመረ የአሜሪካ ካርታ ነው። እኔ ጋ ያለው ራይደር ባክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጀርባው ላይ ክንፍ ያላት ትንሽዬ መልአክ ብስክሌት ትነዳለች። ኩባንያውን በ2019 ካርታሙንዲ የተባለ የቤልጂየም ድርጅት ገዝቶታል። ታሪኩ ይሄን ያህል ይበቃል፤ ወደ እጃችን እንመለስ።

ካርታው ወረቀት ነው። ፊቱን ወደ መብራት ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት ልሙጥ አይደለም፣ ጥቃቅን ስርጉድ ስርጉድ ያለ ነገር አለው። ያ ስርጉድ በካርታዎቹ መሃል ትንሽ አየር ያስቀራል። በአውራ ጣት ስትገፉት ሳይጣበቅ፣ ደግሞም ሳያመልጥ ይንሸራተታል። አዲሱ ፓኮ ሲከፈት ከባንክ እንደወጣ ብር ይንኮሻኮሻል። ጀርባው ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ አለው። ያ ነጭ ጠርዝ ለምን እንደሚጠቅም ባለሙያ ያውቀዋል፤ ሌላችሁ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ቀድሞ የምሠራው ከገበያ በገዛሁት ላስቲክ ካርታ ነበር። ላስቲክ አይታጠፍም፣ ውሃ አይፈራም፣ ዋጋውም አይጎዳም። ግን እጅ ሲያልበው ሁለት ሦስቱ ይጣበቃሉ። እጅ ሲደርቅ ደግሞ ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በጣም የምወደውን አንድ ትሪክ ትቼው ነበር። አምቢሺየስ ካርድ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተመልካች አንድ ካርታ ይመርጣል፣ ፊቷ ላይ በማርከር ይፈርማል። ካርታዋ መሃል ትገባለች። ጣቴን ሳጮህ ከላይ ትገኛለች። እንደገና መሃል ትገባለች፣ እንደገና ከላይ። በቃ፣ ይሄው ነው። ማጂክ ውስጥ አንድን ነገር ለአንድ ሰው አትድገም የሚል የቆየ ሕግ አለ፤ ይህች ትሪክ ግን የምትኖረው በመደገም ነው። በ1922 ቺካጎ ውስጥ ዴይ ቨርነን የተባለ ካናዳዊ ማጂሺያን ዝነኛውን ማጂሺያን ሃሪ ሁዲኒን ያስጨነቀው በዚችው ነው። ሁዲኒ ማንኛውንም ትሪክ ሦስት ጊዜ ካየሁ ምስጢሩን አገኛለሁ እያለ የሚፎክር ሰው ነበር። ቨርነን በስሙ መነሻ ፊደላት አስፈርሞት ደጋግሞ አሳየው። ሁዲኒ አላገኛትም። ቨርነን እስከ ዕድሜው ማብቂያ "ሁዲኒን ያታለለው ሰው" እየተባለ ኖረ።

ይህችን ትሪክ በአዲሱ ካርታ ስመለስባት የድሮው አሠራሬ ምን ያህል ጥድፊያ እንደነበረበት ታየኝ። ላስቲኩ ሳያጋልጠኝ ቶሎ ቶሎ እል ነበር። አሁን ካርታው ስለሚታዘዝ ረጋ ማለት ይቻላል፤ መሃል ስትገባ ሰው በደንብ እስኪያያት እጠብቃለሁ። ከረጋችሁ ደግሞ ማውራት ይቻላል። የጠረጴዛ ማጂክ ግማሹ ወሬ ነው።

በቅርቡ ታቦር በኩል አንድ ምልስ ላይ ጋቢ የለበሱ አባት ጠረጴዛ ጋ ደረስኩ።

"አባባ፣ አንዷን ይምረጡልኝ።"

"ልጄ፣ መጀመሪያ እጅጌሽን ሰብስቢ።"

ሰበሰብኩ። የልብ ሰባትን አወጡ። ማርከር ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቀኑን አሰፈሩበት። ከዚያ ቀና ብለው "ማህተምስ አያስፈልገውም?" አሉኝ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ካርታዋ መጀመሪያ ከላይ ስትገኝ ዝም አሉ። ሁለተኛ ስትወጣ "ቆይ ቆይ፣ እስቲ ድገሚው" አሉ። ሦስተኛው ላይ ራሳቸው መሃል ከተቷትና መዳፋቸውን ከላይ ጫኑበት። አሁንም ወጣች። አጠገባቸው የነበሩት እናት "በስመአብ! ይሄስ አፍዝ አደንግዝ ነው" ብለው ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። የእጅ ሥራ እንጂ መተት እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ይሄ እኛ አገር የሥራው አካል ነው። ካርታውን በሙሉ ሰጥቻቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ ነው የተረጋጉት። አባት ግን የፈረሙባትን ካርታ ኪሳቸው ከተቱ፣ ማንም አላስጣላቸውም።

የወጪው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በእያንዳንዱ ትርዒት አንድ ካርታ ትሄዳለች። 52 የነበረው 51 ይሆናል፣ ከዚያ 50። ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሁለት ፓኮ ግዙ፤ አንዱ መሥሪያ፣ ሌላው መለዋወጫ ይሁን። እኔ ቀይና ሰማያዊ ስለተላከልኝ አንዱ ሌላውን መተካት አይችልም። ውጭ አገር ርካሽ የሚባል ካርታ ነው። እዚህ ግን ሰው ካልመጣ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው ከላስቲኩ ብዙ እጥፍ ነው። ማርከሩ ደግሞ ቶሎ የሚደርቅ፣ ፐርማነንት የሚባለው ይሁን። የነጭ ሰሌዳ ማርከር በዚህ ገጽ ላይ በጣት ይጠፋል።

ለመበወዝ ለሚወዱ አንድ ነገር ልጨምር። ፋሮ የሚባል አበዋወዝ አለ። ካርታውን 26 እና 26 አድርጎ መክፈልና አንዷን በአንዷ መሃል እያስገቡ መጠላለፍ ነው። የላይኛዋ ከላይ፣ የታችኛዋ ከታች እንደሆኑ ሳትሳሳቱ 8 ጊዜ ብትደግሙት ካርታው መጀመሪያ ወደነበረበት ቅደም ተከተል ይመለሳል። በላስቲኩ አልሆነልኝም፤ ጫፍና ጫፉ እየተገፋፋ ይበተናል። በዚህኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ሳያናግረኝ፣ ይሆናል። ሰርግ ላይ አልደፍረውም።

ወረቀት መሆኑ ጣጣም አለው። ክረምት ላይ እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ አልገባም ይላል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ካርታ ማውጣት ለአባኮዳ ወፎች መጫወቻ መስጠት ነው። እዚያ ሳንቲም እሠራለሁ፤ ባለ ሁለት ቀለሟ የአንድ ብር ሳንቲም ከሩቅ ትታያለች፣ ነፋስም አይወስዳትም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ደግሞ ሁሉም ሰው ዓሣ በጣቱ እየበላ ነው። "ካርታ ምረጡ" ካላችሁ ዘይቱ ከካርታው ላይ አይለቅም፤ ከዚያ በኋላ አይንሸራተትም። እጅ እስኪታጠቡ ጠብቁ፣ ወይ በቃል የሚሠራ ነገር አሳዩ።

ሠፈር ውስጥ ኮንከር ለመጫወት ከሆነ የምትፈልጉት ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ። ለዚያ ላስቲኩ ይሻላል። ቢራ ቢደፋበትም በጨርቅ ተጠርጎ ጨዋታው ይቀጥላል።